ሦስት ትምህርት ሳይሆን አንድ ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ

«ሰላም እትዬ። ዕድሜዬ 33 ነው፤ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። በሳይኮሎጂ ዲግሪ አለኝ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች በሚጠለሉበት ቤት ውስጥ አማካሪ ሆኜ እየሠራሁ ነው። ከልጅነቴ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። ሴቶቹ ሲያወሩኝ ግማሹ ወሬያቸው ስለ እግዚአብሔር ነው። ስለ ስለታቸው፣ ስለ ነፍስ አባታቸው፣ ‹ኃጢአቴ ነው ያመጣብኝ› የሚል ነገር። የተማርኩት ለዚህ አልበቃኝም። ተግባራዊ ነገረ መለኮት፣ መንፈሳዊ ምክርና የሴቶችን መንፈሳዊ ሕይወት አንድ ላይ አጥንቼ፣ እስከ ዶክትሬት ደርሼ ማስተማር እፈልጋለሁ። የቀድሞ አስተማሪዬን ሳማክረው ‹ሳይንስና ሃይማኖት አትደባልቂ› አለኝ። አንድ የደብራችን አባት ደግሞ ‹ምክር የካህን ነው፣ የሴት አይደለም› አሉኝ። እናቴ ‹በዚህ ዕድሜሽ ልትመነኩሺ ነው?› ትላለች። ሦስቱን ማጣመር ይቻላል? ወይስ አንዱን ልምረጥ? እንጀራስ ይወጣዋል?

ሁለቱም ቤት ያልተቀበላት»

ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ።

የእናትሽን ነገር ሳነብ ሳቄ መጣ። የኔም እናት ነገረ መለኮት ልማር ነው ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምነው፣ ማን አስቀየመሽ?» ብላ ነው። ወደ እናትሽ እመለሳለሁ።

ማጣመር ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ይቻላል። ብዙ ሴቶች ሠርተውበታል፣ ፕሮፌሰር የሆኑበትም አሉ። ግን «ላጣምር ወይስ ልምረጥ» የሚለው አጠያየቅሽ ራሱ ትንሽ ጠሞብኛል። ሦስት ድስት ጥደሽ የትኛውን ላማስል እንደምትል ሴት ነው የሆንሽው። በዚህ ዓይነት ማመልከቻ ከጻፍሽ አንቺም ይደክምሻል፣ የሚያነበውም ፕሮፌሰር ምን እንደምትፈልጊ አይገባውም። ለምን እንዲህ እንደምል እንዲገባሽ አንድ ያሳፈረኝን ነገር ልንገርሽ።

ዓመታት አልፈውታል። አሜሪካ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የቻፕለንነት ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ቻፕለን ማለት ያው ሕመምተኛውንና ቤተሰቡን እየዞረ የሚጠይቅ፣ የሚያዳምጥ፣ ከፈለጉም አብሯቸው የሚጸልይ የሆስፒታሉ መንፈሳዊ አገልጋይ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነርሷ ደወለችልኝ። ያገርሽ ልጅ ናት መሰለኝ፣ ማንንም አታናግርም አለችኝ። ገባሁ። አራተኛ ወሯን ሳትጨርስ ፅንሱ ወርዶባታል። በሆስፒታሉ ብርድ ልብስ ላይ የራሷን ነጠላ ደርባ ተኝታለች። ምን እንደምላት ሳላስብ አፌ ቀደመኝና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት።

አስቢው እንግዲህ። ለአራስ የሚባለውን፣ ልጅ ላልታቀፈች ሴት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ደነገጥኩ፤ ያበላሸሁትን ለመሸፈን ብዬም ወሬ አበዛሁ። አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሌላ ይተካልሽ፣ የማልለው አልነበረም። እሷ ዝም። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ፊቷን ሳትመልስ «ስንት ቀን ነው የምቆጥረው?» አለችኝ። «ወንድ ይሁን ሴት አልነገሩኝም።»

ምን ባደርግ ጥሩ ነው? «እንጸልይ» አልኳት። ጸለይኩ። አሜን አለች። ወጣሁ። ስወጣ እኮ ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ የተባባልነውን ቃል በቃል መጻፍ ነበረብኝ። ቨርባቲም ይሉታል። እሷ ያለችው፣ እኔ ያልኩት፣ ዝምታው፣ ማን ወዴት እንዳየ ሳይቀር በተራ ቁጥር ይጻፍና ሱፐርቫይዘርሽና አብረውሽ የሚሠለጥኑት ሰዎች ፊት ይነበባል። እንደዚህ ራቁትሽን የሚያስቀር ትምህርት አይቼ አላውቅም። ሱፐርቫይዘሬ ጸጉሯ የሸበተ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። «ስንት ቀን» የሚለውን መስመር በእርሳስ አከበበችውና «ይሄን ስትጠይቅሽ አንቺ የት ሄድሽ?» አለችኝ። እዚያው ነበርኩ፣ ጸለይኩላት አልኳት። «ለማን ብለሽ?» አለችኝ።

ለራሴ ነበር። ጥያቄው ስላስፈራኝ በጸሎት ዘጋሁት።

አንቺ የልጅቷ ጥያቄ ወዲያው ገብቶሻል። ሱፐርቫይዘሬንና አብረውኝ የሚሠለጥኑትን ግን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ወንድ የወለደች 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ትቆጥራለች፤ በኛም ቤት ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ጾታው ሳይታወቅ የወረደባትስ? ቁጥሩ ግን ላይ ላዩ ነው። ከሥሩ ያለው ሌላ ነው። ልጅ ነበረኝ ወይስ አልነበረኝም? እናት ልባል ነው? ማርያም ፊት ቆሜ ማልቀስ በፈለግኩበት በዚህ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ልግባ ወይስ ከደጅ ልቅር? ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድሩ ወንበሩን ያመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ብትፈልጊም ብቻሽን አትሆኚም። ለዚህኛው ሐዘን ግን ድንኳን የለውም።

በይ አሁን ሦስቱን ትምህርቶችሽን እዚህ ጥያቄ ላይ አምጫቸው። ተግባራዊ ነገረ መለኮት ሰዉ በርግጥ ምን እያደረገ ነው፣ ለምን እንዲህ ያደርጋል፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከምታምነው ጋር እንዴት ይገጥማል፣ ምንስ ቢደረግ ይሻላል ብሎ ይጠይቃል። መንፈሳዊ ምክር ደግሞ ያቺን ሴት ያን ሌሊት እንዴት ላዳምጣት የሚለውን ይይዛል። የሴቶች መንፈሳዊ ሕይወት ጥናት ወደ እናቶቹ ይወስድሻል። እነሱ ይህን ሐዘን በምን ተሸከሙት? በስለት? በጠበል? በማርያም ማኅበር? ቡና ላይ በሹክሹክታ? አየሽ፣ ሦስት ትምህርት አይደለም። አንድ ጥያቄ ሦስት በር አለው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፍሬድሪክ ሽላየርማኸር የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1811 የነገረ መለኮትን ትምህርት በዛፍ መስሎ ተግባራዊውን ክፍል የዛፉ አናት አድርጎት ነበር። ከሱ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ተግባራዊ ማለት እንዴት ይሰበካል፣ እንዴት ይጠመቃል የሚል የቄስ መመሪያ ብቻ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ትምህርቱ ከሰው ኑሮ ይነሣል። አንቺን የሚጠቅምሽም ይኸኛው ነው።

አሁን ወደ አስተማሪሽ። ሳይንስና ሃይማኖት አትደባልቂ የሚለው ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ሕክምና የሚያስፈልጋትን ሴት በጸሎት ብቻ ሸኝተሽ እንደሆነ ያን ጊዜ ጥፋት ነው። ግን እኮ ሃይማኖቱን የምትደባልቂው አንቺ አይደለሽም፤ ሴትዮዋ ይዛው ነው የምትገባው። አማካሪዋ «እሱ የኔ ሙያ አይደለም» ካለቻት ግማሽ ሕይወቷን በር ላይ አስቀምጣ ትገባለች። ይህን አጥብቀው ከተናገሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ አንቶን ቦይሰን የሚባል አሜሪካዊ ፓስተር ነው። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1920 አእምሮው ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ከዳነ በኋላ በ1925 ማሳቹሴትስ ውስጥ ዉስተር በሚገኘው የአእምሮ ሆስፒታል የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ሰብስቦ ማሠልጠን ጀመረ። ከመጽሐፉ በተጨማሪ ሕመምተኛውን ራሱን እንደ ሕያው ሰነድ አንብቡት ነበር የሚላቸው። እኔን ያዋረደኝ ሥልጠና የተወለደው ከዚያ ነው። ኋላ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችው ቦኒ ሚለር-ማክሌሞር ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ሰነድ ሳይሆን የድር አንድ ክር ነው ብላ አሰፋችው። የመጠለያ ቤት ሥራ ለሠራ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሴትዮዋን ብቻ አክመሽ ባሏን፣ አማቷን፣ የቤት ኪራዩን ካላየሽ የት ትደርሻለሽ?

የደብራችሁ አባትስ? እሳቸውም ግማሽ ልክ ናቸው። ንስሐ መቀበል፣ ቀኖና መስጠት፣ መፍታት የካህን ነው። እዚያ ውስጥ አትግቢ። ያቺ ልጅ ስንት ቀን ትቆጥር ለሚለው ሥርዓቱን የሚነግሯት የነፍስ አባቷ ናቸው፤ እኔ አይደለሁም። ግን ጥያቄዋን አውጥታ ለነፍስ አባቷ እንድትናገር አቅም የሚሰጣት ሰው ያስፈልጋት ነበር። አንዳንድ ነገር ሴት ለወንድ፣ ያውም ለአባት፣ ለመናገር አፏ አይፈታም። ለአባ ይህን በትሕትና አስረጂያቸው። «ንስሐው የእርስዎ ነው፤ እኔ እርስዎ ዘንድ እስክትደርስ ድረስ ነው የማዳምጣት» በያቸው። አትጣያቸው፤ ኋላ እንደምነግርሽ የሳቸው ፊርማ ሊያስፈልግሽ ይችላል።

ደግሞ የሴት መንፈሳዊ ሕይወት የፈረንጅ ፈጠራ ነው ለሚልሽ ጣና ሐይቅን አሳዪው። ወለተ ጴጥሮስን ታውቂያታለሽ፤ እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1642 የኖረች፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሃይማኖቴን አልለውጥም ብላ የተሰደደች፣ መነኮሳትና መነኮሳይያትን ሰብስባ የመራች ቅድስት ናት። ብዙ ሰው የማያነሣው ግን ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም እንደሞቱባት ነው። ገድሏ በ1672 ገላውዴዎስ በሚባል መነኩሴ በግእዝ ተጽፏል። ክርስቶስ ሠምራም አለችልሽ፤ ባልና ልጆች የነበሯት፣ ዲያብሎስን ሳይቀር ከፈጣሪ ላስታርቅ ብላ የለመነች። እንዲህ ያለች ሴት ያለችበት ቤት ስለ ምሕረት የሚጠና ያጣል? ብቻ አደራ፣ ቅዱሳቱን የዘመናችን አማካሪዎች አድርገሽ አታልብሻቸው። ይህን የሚያደርጉ ጽሑፎች አንብቤ ሆዴን አሞኛል።

አሁን «ኃጢአቴ ነው ያመጣብኝ» ወደሚሉሽ ሴቶች ልምጣ፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ይኸኛው ነው ያልለቀቀኝ። ቫለሪ ሴቪንግ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1960፣ ገና የነገረ መለኮት ተማሪ ሳለች፣ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመች። የምትለው ባጭሩ ይህ ነው። ነገረ መለኮት ኃጢአትን ትዕቢት፣ ራስን ከፍ ማድረግ ብሎ የተረጎመው በወንዶች ኑሮ ለክቶ ነው፤ የብዙ ሴቶች ፈተና ግን ተቃራኒው ነው፤ ራሳቸውን እያሳነሱ እያሳነሱ በመጨረሻ ራስ የሚባል ነገር ያጣሉ። እስቲ ይህን እኛ አገር አምጪው። ለተደበደበች ሴት «ቻይው» ይባላል። ትዕቢት እንዳይሆንብሽ፣ ተንበርክከሽ ለምኚው ይባላል። ከመጀመሪያውም ተንበርክካ ለኖረች ሴት ይህ መድኃኒት ነው ወይስ ሕመሙ? ኋላ የተነሡ ጥቁር አሜሪካውያትና አፍሪካውያት ደግሞ ሴቪንግ «ሴት» ስትል የራሷን ሰፈር ሴቶች ብቻ ነው ያየችው ብለው ተከራክረዋታል፤ እውነት አላቸው። ስለዚህ ምዕራባውያኑን ብቻ ይዘሽ እንዳትቀሪ። ጋናዊቷ መርሲ አምባ ኦዱዮዬ እ.ኤ.አ. በ1989 አክራ ላይ ሌሎችን አስተባብራ የአፍሪካ ሴት የነገረ መለኮት ምሁራንን ማኅበር መሥርታለች፤ በእንግሊዝኛ አጠር አድርገው ሰርክል ይሉታል። ቦትስዋናዊቷ ሙሳ ዱቤም ከነሱ ጋር ናት። የኛ ማኅበርና ጽዋ፣ የኛ ስለት ግን ገና በደንብ አልተጻፈም። ቦታው ክፍት ነው።

ስለ መንገዱ ግልጽ ግልጹን ልንገርሽ።

ከዶክትሬት በፊት ሥልጠናውን ውሰጂ። ክሊኒካል ፓስቶራል ኤጁኬሽን ይባላል። አሜሪካ ውስጥ አንዱ ዩኒት 400 ሰዓት ነው፤ ቦርድ የሚያረጋግጠው ቻፕለን ለመሆን አራት ዩኒት፣ ማለትም 1600 ሰዓት፣ ከማስተርስ ዲግሪ ጋር ይጠየቃል። በተጨማሪም ከራስሽ ቤተ እምነት የድጋፍ ማረጋገጫ ይፈልጋሉ። አባን አትጣያቸው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ስድስት ዓመት ሠርተሻል፣ አውቃለሁ፤ ግን ስትሠሪ ሌላ ሰው አይቶሽ ያውቃል? ቨርባቲሙን ሰው ፊት ያላስነበበ ሰው አማካሪ ነኝ ሲለኝ አሁንም እጠራጠራለሁ።

ማስተርሱን እዚያው አዲስ አበባ መጀመር ትችያለሽ። የድህረ ምረቃ ነገረ መለኮት ትምህርት ቤቱ ኢጂኤስቲ አለ፣ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ አለ፣ በኛ ቤት ደግሞ ቅድስት ሥላሴ አለ። ተዋሕዶ ሆነሽ ፕሮቴስታንት ተቋም ብትገቢ የሚያማሽ አይጠፋም፤ ግን የምትማሪው ለምን እንደሆነ ካወቅሽ አብሮ መማሩ ይጠቅምሻል እንጂ አይጎዳሽም ባይ ነኝ።

ዶክትሬቱ ላይ ስትደርሺ ከትምህርት ቤቱ ስም ይልቅ የሚመራሽን ሰው ምረጪ። አሜሪካ ኮርስ አለ፣ ከባድ አጠቃላይ ፈተና አለ፣ ከዚያ መመረቂያ ጽሑፍ፤ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያዢለት። ደቡብ አፍሪካ፣ እንደ ስቴለንቦሽና ዩኒሳ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች፣ አብዛኛውን በጥናቱ ብቻ ነው የሚያስመርቁት፤ ዩኒሳ ደግሞ በርቀት ነው፣ ሥራሽን ሳትለቂ ይሆንልሻል። ዲሚን የሚባለው ሌላ ነው፤ አገልግሎት ላይ ላሉ ሰዎች የሚሰጥ የሙያ ዶክትሬት ነውና ማስተማር ለምትፈልጊው ላንቺ ፒኤችዲው ይሻልሻል። ቋንቋም ይጠይቁሻል፣ ብዙ ጊዜ ጀርመንኛ ወይ ፈረንሳይኛ። ግእዝን እንደ ምርምር ቋንቋ ትቆጥሩልኛላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ጥናትሽ ገድል ውስጥ የሚገባ ከሆነ የማይቆጥሩበት ምክንያት አይታየኝም። አደራ የምልሽ፣ ለፒኤችዲ ከኪስሽ አትክፈይ። የትምህርት ክፍያና ወርሃዊ አበል የማይሰጥሽ የአሜሪካ ፕሮግራም ከሆነ ተዪው። ተበድሮ የሚገባበት ሙያ አይደለም።

እንጀራ ይወጣዋል? በማስተማር ብቻ፣ በጭንቅ። የማስተማሩ ቦታ ጥቂት ነው፣ ሁሌም ጥቂት ነበር። የማውቃቸው ብዙዎቹ በአንድ እጃቸው እያስተማሩ በሌላው ሆስፒታል ወይ የምክር ማዕከል ይሠራሉ። እኔም እንዲሁ። እዚህ ላይ አንድ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፤ ቻፕለን መሆንና ፈቃድ ያለው ቴራፒስት መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፒኤችዲ ያዝኩ ብለሽ ውጭ አገር ቢሮ ከፍተሽ ሕክምና መስጠት አትችዪም፤ ፈቃዱ ለብቻው ነው፣ እንደየግዛቱም ይለያያል።

አንድ ነገር ግን ሳልቆጣሽ አላልፍም፣ ሳትሠሪው ልቆጣሽ። በስድስት ዓመት ውስጥ የሰማሽው ታሪክ ሁሉ በጭንቅላትሽ አለ፤ ፕሮፖዛል ስትጽፊ «እንዲህ ያለች ሴት ነበረች» ብለሽ መጻፍ ያምርሻል። ተይ። እነዚያ ሴቶች የነገሩሽ ለምርምርሽ ብለው አይደለም። ለጥናት ስትፈልጊ እንደ አዲስ፣ ፈቃድ አስፈቅደሽ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ቀርበሽ፣ የመጠለያ ቤቱ ሠራተኛ ባልሆንሽበት ቦታ ያሉ ሴቶችን ነው የምትጠይቂው። ለአልጋና ለምግብ አንቺ ላይ የተንጠለጠለች ሴት እንዴት ብላ «አይሆንም» ትልሻለች? እኔ ያቺን ልጅ ያነሣኋት ማንነቷን የሚጠቁመውን ሁሉ ቀይሬ ነው፤ ያም ሆኖ ይህን ዓምድ ስጽፍ ሁለት ቀን አመንትቻለሁ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ልታሳምኛት አትሞክሪ፤ ይልቅ ጠይቂያት። አንድ እሑድ ቡና አፍልተሽ «እማዬ፣ በናንተ ጊዜ ፅንስ የወረደባት ሴት ምን ትባል ነበር? ማን ይጠይቃት ነበር?» በያት። የኔዋን ስጠይቃት ከኔ በፊት ሁለት እንደወረዱባት ነገረችኝ። ዕድሜዬ 41 ነበር። አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ትምህርቴ አንስታብኝ አታውቅም።

በይ እንግዲህ፣ ማመልከቻውን ገና አትጻፊ። መጀመሪያ አንድ ቨርባቲም ጻፊልኝ። በዚህ ወር ካወራሽው ውስጥ፣ ስታስቢው ሆድሽን ቆረጥ ያደረገሽን ምረጪ፤ እሷ ያለችውን፣ አንቺ ያልሽውን፣ ዝም የተባለበትንም። ስም፣ ሰፈር፣ የልጆች ብዛት፣ ማንነቷን የሚናገር ነገር ሁሉ ይውጣ። ከዚያ አንቺ የሸሸሽበትን መስመር ራስሽ አክብቢውና ለራስሽ አስቀምጪው፤ ለኔ የከበብሽውን መስመር ብቻ ላኪልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።